የስካሎፕ ዛጎል እድገት፦ የሚወስነው የውሃው ሙቀት ብቻ ነው?

ጠያቂ (ጎንደር)
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የባዮሎጂ ተማሪ ስሆን፣ ለሴሚናር የመረጥኩት ርዕስ በባሕር ውስጥ በመረብ የሚረባው ስካሎፕ የተባለው ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳ ዛጎሉን የሚያሳድግበት ሁኔታ ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ውሃው ሲሞቅ ዛጎሉ ቶሎ እንደሚያድግ ይገልጻሉ፤ ይሁን እንጂ በአንድ የባሕር ወሽመጥ በአንድ ወቅት ወደ ውሃ የገቡት እንኳ መጠናቸው በጣም ሲለያይ ይታያል። ሙቀቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ጣና ላይ ማርባት ይቻል እንደሆነም ጓደኞቼ ስለሚጠይቁኝ፣ በዚህም ላይ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ሙቀት የእንስሳውን የሰውነት ሥራ ያፋጥናል እንጂ ዛጎል የሚሠራበትን ኃይል አይሰጠውም። ኃይሉን የሚያገኘው ከውሃው አጣርቶ ከሚመገባቸው ደቂቅ አልጌዎች ስለሆነ፣ ውሃው ሞቆ ምግቡ ካነሰ ለመተንፈስ ብቻ የሚያወጣው ኃይል ይጨምርና ለእድገት የሚተርፈው ይመነምናል። እያንዳንዱ ዝርያ የሚችለው የሙቀት ወሰንም አለው፤ የጃፓኑ ስካሎፕ የቀዝቃዛ ውሃ እንስሳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በሙትሱ ወሽመጥ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ በእርባታው ላይ ከባድ እልቂት ደርሷል።

በእኔ እምነት ለሴሚናርዎ ከሁሉ የሚጠቅመው የፔሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስን ውሃ በየጥቂት ዓመቱ ከወትሮው በላይ የሚያሞቀው ክስተት) ሙቀት በኢንዴፔንዴንሲያ ወሽመጥ የነበረውን ስካሎፕ በፍጥነት አሳድጎ እጅግ አበዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ግን በሰሜኑ የሴቹራ ወሽመጥ ሙቀቱ ከከባድ ዝናብና የውሃውን ጨው ከሚያቀጥን የወንዝ ጎርፍ ጋር ስለመጣ በእርባታ ላይ የነበረው በብዛት አለቀ። ስለዚህ ሙቀትን ከምግቡና ከጨዋማነቱ ነጥሎ መመዘን ወደ ስህተት ይመራል።

መልስ 2
በአንድ ወሽመጥ ውስጥ ለሚታየው ልዩነት ቅርጫቱን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። ስካሎፕ ብዙ ጊዜ የሚረባው ከገመድ ላይ በተንጠለጠለ፣ ወለሎቹ በተደራረቡ የመረብ ቅርጫት ውስጥ ነው። በአንድ ወለል ላይ ከመጠን በላይ ከታጨቁ ምግብ ይሻማሉ፤ የዛጎላቸውም ስስ ጠርዝ እርስ በርስ ሲጋጭ ይሸረፋል፣ ያን ለመጠገንም ለእድገት የታሰበው ኃይል ይወጣል። መረቡ ላይ የባሕር አረምና ሌሎች እንስሳት ሲለጠፉ ደግሞ ውሃው እንደ ልብ ስለማያልፍ በውስጥ ያሉት፣ በዙሪያቸው ምግብ ሞልቶ ሳለ፣ ይራባሉ። የውሃው ፍሰት ሲደክም ምግብ አይደርስም፤ ሲበረታ ግን እንስሳው ዛጎሉን ገርበብ አድርጎ ማጣራቱን ይቀንሳል። ወደ ላይኛው ውሃ የቀረበ ቅርጫትም በማዕበል ይናወጣል፤ ጥቂት ሜትር ዝቅ ማድረጉ ብቻ እድገቱን ሊለውጠው ይችላል።

መልስ 3
የውሃው ኬሚስትሪ እንዳይዘነጋ እጨምራለሁ። ዛጎሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ባሕሩ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወሰደ መጠን በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ስለሚቀንስ ዛጎል መሥራት ይከብዳል። በይበልጥ የሚጎዱት እጮቹ ናቸው፤ የእነርሱ ዛጎል አራጎናይት ከሚባለውና ቶሎ ከሚሟሟው ዓይነት የተሠራ ሲሆን የአዋቂዎቹ ግን በአብዛኛው ካልሳይት ከሚባለው፣ በቀላሉ ከማይሟሟው ዓይነት ነው።

ስለ ጣና የማያሻማ መልስ አለ፦ አይቻልም። የስካሎፕ የሰውነት ፈሳሽ የጨው መጠን የሚከተለው በዙሪያው ያለውን ውሃ ስለሆነ ጨው በሌለው ሐይቅ ውስጥ በሕይወት አይቆይም። በጣና ያሉት ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል እንስሳት ሌሎች፣ ከዚያው ውሃ ጋር የተስማሙ ዝርያዎች ናቸው።

ጠያቂ (ጎንደር)
ከልብ አመሰግናለሁ። የዛጎሉን ቁመት ብቻ መለካት እድገቱን ለማወቅ ይበቃል?

መልስ 2
አይበቃም። ምግብ ሲያንስ ዛጎሉ ትንሽ እያደገ ሥጋው ሊከሳ ይችላል፤ በመራቢያ ወቅትም ኃይሉ ወደ መራቢያ አካሉ ስለሚዞር የዛጎሉ እድገት ይዘገያል። ስለዚህ የሥጋውን ክብደት ከዛጎሉ ጋር አብረው ይመዝግቡ። በዛጎሉ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ሲቆጥሩም ይጠንቀቁ፤ ቅርጫቱን ለማጽዳት ከውሃ ሲያወጡት እድገቱ ለጊዜው ስለሚቆም፣ የክረምት ቅዝቃዜ ከሚያኖረው ጋር የሚመሳሰል መስመር ይቀራል።