ሰፈር ስቀይር የመኪናዬ አረቦን ለምን ጨመረ?

ባለመኪናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከከተማ ዳር ወደ መሃል ቤት ቀየርኩና አዲሱን አድራሻ ለኢንሹራንሴ አሳወቅኩ። ውሉ ሲታደስ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ፣ ጨምሮ መጣ። መኪናዋ ያችው ናት፣ የምነዳትም እኔው ነኝ፣ ካሳ ጠይቄ አላውቅም፣ እንዲያውም ሥራዬ ስለቀረበ የምነዳው ከበፊቱ ያንሳል። ታዲያ ሰፈሩ ምን አገባው? ጓደኞቼ "የራስሽንም መኪና የሚሸፍነውን ሙሉውን ኢንሹራንስ ተይውና ሦስተኛ ወገን ብቻ ግቢ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" ይሉኛል። ቤቱ ግቢ ስለሌለው የማቆመው መንገድ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ መንገዱ ውሃ ያቁራል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ የመድን ሠራተኛ፦
እህቴ፣ አረቦን በአነዳድሽ ብቻ አይተመንም። ከሚታዩት ትልልቅ ነገሮች አንዱ መኪናዋ የምታድርበት ቦታ ነው። በዚያ አካባቢ ምን ያህል መኪና ተሰረቀ፣ ምን ያህሉ ተጋጨ፣ ለጥገና ስንት ወጣ እያሉ ያሰላሉ። መሃል ከተማ ግጭት ይበዛል ግን አብዛኛው ቀላል ነው፤ ስፖኪዮ መግጨት፣ የቆመ መኪና መጫር፣ መብራት ላይ ከኋላ መነካት። ከከተማ ወጣ ሲባል ግጭቱ ያንሳል፣ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው፣ ከብትና አውሬም መንገድ ያቋርጣል፣ ሲደርስ ከባድ ይሆናል። የጋራዥ እጅ ዋጋ፣ የሕክምና ወጪ፣ ኢንሹራንስ ሳይኖራቸው የሚነዱ ሰዎች ብዛት፣ ሁሉም አረቦኑ ውስጥ ይገባሉ።

አድራሻሽን በትክክል ማሳወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። አረቦን ለመቀነስ ሲሉ የወላጆቻቸውን አድራሻ የሚያስመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ መኪናው ሲሰረቅ ግን ኩባንያው የት ያድር እንደነበር አጣርቶ ካሳውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል። የምትነጂው ኪሎ ሜትር መቀነሱንም ንገሪያቸው፣ ካልነገርሻቸው አያውቁትም።

መንገደኛ፦
እኔ ግን ይሄ የሰፈር ነገር ፍትሐዊ አይመስለኝም። ጠንቃቃ ሹፌር ጎረቤቱ ለተሰረቀበት መኪና ለምን ይከፍላል? አቅም የሌለው ሰው ሰፈር መምረጥ አይችልም እኮ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1988 ፕሮፖዚሽን 103 የሚባለውን ሕግ በድምፁ አጽድቋል፤ በዚያ ሕግ ከሁሉ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለአነዳድ ታሪክ፣ በዓመት ለሚነዳው ርቀትና ለመንዳት ልምድ ነው። ሰፈር ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።

ጋራዥ የምውለው፦
ፍትሑ ይሁን፣ እኔን ያሳሰበኝ "ውሃ ያቁራል" ያልሽው ነው። ጓደኞችሽን በዚህ አትስሚያቸው። ሦስተኛ ወገን የሚከፍለው አንቺ በሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት ነው። የራስሽ መኪና ጎርፍ ቢገባባት፣ ብትሰረቅ፣ ዛፍ ቢወድቅባት ምንም አታገኚም። እሳትና ስርቆት የሚጨመርበት መካከለኛ ውልም አለ፣ እሱም ቢሆን ጎርፍን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም።

ጎርፍ የገባባት መኪና ከላይ ስትታይ ደህና ትመስላለች። ምንጣፉን ስንገልጠው ጭቃ ነው፣ የሽቦ መያያዣዎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል፣ ከሳምንታት በኋላ መስኮቱ አልወርድ ይላል፣ የኤርባግ መብራት ይበራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሃ ውስጥ እንዳለች ለማስነሳት መሞከር ነው። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ መሄጃ ያጣና የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል፣ ሞተሩ አለቀለት። ኩባንያውም "ራስሽ አስነስተሽ ነው ያበላሸሻት" ብሎ ሊከራከርሽ ይችላል። ቁልፉን አትንኪ፣ ውሃው የደረሰበትን ፎቶ አንሺ፣ ለኩባንያው ደውዪ፣ አስጎትቺ።

ባለመኪናዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሦስተኛ ወገን ብቻ የሚለውን ትቼዋለሁ። ሙሉውን ይዤ አረቦኑን ዝቅ ማድረግ የምችልበት መንገድ አለ? ቤቱ አጠገብ በወር የሚከራይ አጥርና ጥበቃ ያለው ማቆሚያም አግኝቻለሁ፣ ቦታው ከፍ ያለ ነው።

የቀድሞ የመድን ሠራተኛ፦
አለ። አንዱ ኤክሰሱን ከፍ ማድረግ ነው፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪስሽ የምትከፍይው መጠን። ከፍ ስታደርጊው አረቦኑ ይወርዳል። መንገድ ላይ የምታቆሚ ከሆነ ግን ጭረት አይቀርልሽም፣ እሱን ራስሽ ታሠሪያለሽ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ለትንሽ ጭረት ካሳ ጠይቀሽ ያለ ካሳ የቆየሽበትን ቅናሽ ከምታጪ ኢንሹራንሱን ለስርቆትና ለጎርፍ ብታቆዪው።

የማልመክርሽ የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብን ነው። ብዙ ሰው ይሄን ያደርጋል። በግማሽ ዋጋዋ ካስመዘገብሻት ብዙ ውሎች ላይ ለጥገናም ቢሆን የሚከፍሉሽ ግማሹን ነው። መለዋወጫ እየተወደደ ሲሄድ ባለፈው ዓመት ልክ የነበረው ግምት ዘንድሮ ሊያንስ ስለሚችል ውሉ በታደሰ ቁጥር አስተካክዪው።

ማቆሚያውን ከመከራየትሽ በፊት ለኩባንያው ደውዪና መንገድ ላይ ስታድር ስንት፣ ግቢ ውስጥ ስታድር ስንት እንደሆነ ሁለቱንም በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። "ጎርፍ" የሚለው ቃል ውሉ ላይ የት እንዳለም አሳዩኝ በያቸው፤ አንዳንዱ ውል ላይ ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው የሚገባው።

ጋራዥ የምውለው፦
ቦታው ከፍ ያለ ከሆነ ቅናሽ ባይሰጡሽም ተከራዪው። ኢንሹራንስ ቢከፍል እንኳ ጎርፍ የገባባት መኪና እንደ ድሮዋ አትሆንልሽም።