«ግቢ ሲገባ ይሰበራል» የተባለው ስለ ማን ነው?

እናት ከፍራንኮ፦
እዚሁ አዳማ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ልጅን ቤት ስለ ማስተማር ወሬ ተነሳ። አንድ ተናጋሪ «ቤት የተማረ ልጅ ግቢ ሲገባ ይሰበራል» አሉ። ሰው አጨበጨበ። በጣም ነው የከፋኝ። ልጄን ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ የማስተምረው ቤት ነው። ሕልሙ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው። ይሰበራል የሚሉት ምን አይተው ነው?

ቦሰት፦
እህቴ፣ መሰበሩ ይቆይና መጀመሪያ በየት በኩል ይገባል? ዩኒቨርሲቲ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት ይጠይቃል። እሱ ያልሽው ግቢ ደግሞ ከብሔራዊ ፈተናው ሌላ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው።

እናት ከፍራንኮ፦
ስለ ወረቀቱ ቢያወሩ ኖሮ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። እሳቸው ያወሩት ስለ ልጄ ጠባይ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
ሰውየው ልክ ናቸው። ከ2015 ወዲህ ብዙ ልጆች የ12ኛን ፈተና የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ መሀል ያደጉት እንኳ የመጀመሪያው ሌሊት ይከብዳቸዋል። ሰልፉ፣ ዶርሙ፣ የማታውቀው ሰው አጠገብ መተኛቱ። ቤት ያደገማ ይሰበራል።

ሪሜዲያል የጨረሰ፦
መምህር፣ በ2015ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረነው ሁሉ ከቤት ነው የመጣነው? እኔ 12 ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የተሰበርኩት።

የፊዚክስ መምህር፦
ውጤት ሌላ፣ ከሰው ጋር መኖር ሌላ። ደግሞስ ኬሚስትሪን ማን ያሳየዋል? ቤት ውስጥ ላብራቶሪ አለ?

ሪሜዲያል የጨረሰ፦
እኛ ትምህርት ቤት የላብራቶሪው በር ተከፍቶ አይቼ አላውቅም።

ቦሰት፦
አሜሪካን እንይ። እዚያ ቤት ማስተማር በ50ውም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። ትራንስክሪፕቱን ብዙ ጊዜ ወላጅ ያዘጋጃል፣ ብዙው ልጅ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ይፈተናል። አንዳንዱ ገና በሃይስኩል ዕድሜው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ አንድ ሁለት ኮርስ ይወስዳል። ክፍል መቀመጥን እዚያ ይለምዳል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መሸጋገሪያ የለም። ሪሜዲያሉም፣ ማካካሻው ትምህርት፣ የሚመጣው ከፈተናው በኋላ ነው፣ ያውም 50 ላላመጣ።

የሀዋሳ ልጅ፦
እዚህ ሀዋሳም ያው ነው። ግን አንድ ነገር ልናገር። ቀን ክፍል ውስጥ ተድበስብሶ የታለፈውን ምዕራፍ ያው መምህር ማታ ቤት መጥቶ በክፍያ ያስጠናል። እሱስ ቤት መማር አይደለም?

የፊዚክስ መምህር፦
ወንድሜ፣ ደሞዛችንን ታውቃለህ? በዚያ ደሞዝ የአዳማን ቤት ኪራይ ክፈልና ከዚያ ስለ ማስጠናት አውራኝ።

የሀዋሳ ልጅ፦
ደሞዙ ማነሱን አልካድኩም። የተጎዳው ግን ለማስጠኛ የሚከፍል ወላጅ የሌለው ልጅ ነው።

ባለሱቋ፦
እኔን ማን አሰበኝ? ጠዋት 12 ሰዓት ሱቅ እከፍታለሁ፣ ማታ ነው የምዘጋው። ቤት ማስተማር ጊዜ ላለው ነው። ይህ በር ከተከፈተ ያለው ሁሉ ልጁን ያወጣና ትምህርት ቤቱን ለእኛ ልጆች ብቻ ይተዋል። ያኔ ማን ይጮህለታል?

እናት ከፍራንኮ፦
እኔም ኪራይ ከፋይ ነኝ እህቴ። ልብስ እየሰፋሁ ነው የማስተምረው። ያንቺ ልጅ የተሻለ ትምህርት ቤት ይገባዋል፣ የኔ ደግሞ መፈተን ይፈቀድለት ነው የምለው። ለምን እርስ በርስ እንጣላለን? «ይሰበራል» ያሉት መልስ ይስጡኝ።

ባለሱቋ፦
አልተጣላሁሽም። ግን የፈራሁትን ተናግሬያለሁ፣ አልመልሰውም።

የፊዚክስ መምህር፦
እሺ፣ ልጁን አምጪው። ርዕሰ መምህሩን እኔ አስፈቅዳለሁ። የኔ 11ኛ ክፍል አንድ ወር ይቀመጥና እንየው።

እናት ከፍራንኮ፦
አመጣዋለሁ። ካልተሰበረ ያ ስብሰባ ላይ ቆመው ይናገሩልኛል?

የፊዚክስ መምህር፦
ስለ አንድ ልጅ እናገራለሁ። ስለ ሁሉም ግን አልናገርም።