በራይ ከተማ በጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት ሌሊት ስለማሳለፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜንና እሁድን ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር በእንግሊዝ አገር፣ በምሥራቅ ሰሴክስ፣ ራይ ከተማ በሚገኘው ሜርሜይድ ኢን በተባለው ጥንታዊ ማረፊያ ለማሳለፍ አስበናል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤቱ ይመቻት ይሆን?

መልስ 1፦ የምድር ቤቱ ዕድሜ እ.ኤ.አ. እስከ 1156 የሚቆጠር ሲሆን፣ ከላይ ያለው ሕንፃ በ1420 እንደገና የተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ቤቶች ወለላቸው ያዘነብላል፣ ደረጃቸው ይጠብባል፤ በቅርስነት ስለሚጠበቁም ባለቤቶቹ ያለ ፈቃድ እንደፈለጉ ሊለውጧቸው አይችሉም። ስለዚህ ክፍል ከመያዝዎ በፊት ደውለው ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ይጠይቁ። እኔ በሌላ ጥንታዊ ማረፊያ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ ሻንጣ ተሸክሜ ስወጣ ግንባሬን ከወራጁ ጋር አጋጭቻለሁ።

መልስ 2፦ ከደረጃው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ማረፊያው ያለበት ሜርሜይድ ጎዳና ዳገታማ ከመሆኑም በላይ የተነጠፈው ክብ ክብ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ባለጎማ ሻንጣም አይሄድበትም። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ተነሥታችሁ አሽፎርድ ላይ ባቡር ከቀየራችሁ በኋላ፣ ከራይ ጣቢያ እናትዎን በታክሲ ይውሰዷቸው። በ1730ዎቹና በ1740ዎቹ የሆክኸርስት ቡድን የተባሉት ኮንትሮባንዲስቶች በዚያው ቤት ይጠጡ ነበርና፣ ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጣችሁ የምታወሩት አይጠፋም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ደውዬ ስለ ደረጃው እጠይቃለሁ።