ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ መድኃኒት መፈለግ ያዋጣል?

ጠያቂው፦ ሾጣጣ ዛጎል ያላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች ዓሣና ትል የሚያድኑት በመርዝ ነው። ከዚህ መርዝ መድኃኒት እናገኛለን ተብሎ ምርምር ከተጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ገበያ ላይ የዋለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዚኮኖታይድ የተባለው የሕመም ማስታገሻ። ይህ ሁሉ ገንዘብና ዕድሜ ለአንድ መድኃኒት? ለእኔ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምትቃወሙኝ በማስረጃ ኑ።

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ አንዱን እንዲህ አታቅልለው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሞርፊን ሲወስድ ሰውነቱ ይለምደውና ትናንት ያስታገሰው መጠን ዛሬ አይበቃውም። ዚኮኖታይድ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። የሕመም መልእክት በሕብለ ሰረሰር ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው እንዲሻገር ካልሲየም የሚገባበት በር መከፈት አለበት፤ መድኃኒቱ ያንን በር ይዘጋል። ሰውነትም እንደ ሞርፊን አይለምደውም። መነሻው ኮነስ ማገስ የተባለው ቀንድ አውጣ ዓሣ የሚያሽመደምድበት፣ 25 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ነው። አሁን የሚመረተው በላቦራቶሪ ስለሆነ ለእሱ ሲባል ቀንድ አውጣ አይሞትም።

ጠያቂው፦ አልካድኩም። ግን አሰጣጡንም ንገራቸው እንጂ! በአፍ አይዋጥም፤ በቱቦና በፓምፕ ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ነው የሚገባው። የሌለ ነገር የሚያይ፣ ግራ የሚጋባ ታካሚ አለ፤ የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ታሪክ ላለው ጭራሽ አይሰጥም። ከዚሁ መርዝ የተሞከረው ሌላው የሕመም መድኃኒት፣ ኤሲቪ1 የተባለውስ? አይጥ ላይ ተስፋ ሰጠ፤ መድኃኒቱ በሰው ሕዋስ ላይ የሚያርፍበት ተቀባይ ላይ ግን ኃይሉ ደካማ ሆኖ ተገኘና ቀረ።

ፋርማሲስቱ፦ እሱ ልክ ነህ። ሌላው አልይዝ ላለው ታካሚ ብቻ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

የስኳር ታማሚ፦ እኔ የምከታተለው ኢንሱሊኑን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው፣ ኮነስ ጂኦግራፈስ የተባለው ቀንድ አውጣ ዓሣውን ከመዋጡ በፊት ኢንሱሊን ይለቅበታል፤ ዓሣው ስኳሩ ይወርድና ይፈዛል። ስኳር ወርዶበት የሚያውቅ ሰው ያን መፍዘዝ ያውቀዋል፤ ጉልበት ይከዳል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሐሳብ ይበተናል። የሰው ኢንሱሊን ስድስት ስድስት እየሆነ ስለሚጣበቅ ከተወጋን በኋላ እስኪፈታ ጊዜ ይወስዳል። የቀንድ አውጣው ግን የሚያጣብቀው ክፍል የለውም። ተመራማሪዎች ከዚህ ተምረው ፈጣን ኢንሱሊን ለመቅረጽ እየሠሩ ነው። ገና መድኃኒት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ምግቡ ፊቱ ቀርቦ መርፌው እስኪሠራ ለሚጠብቅ ሰው «ገንዘብ ማባከን ነው» አትበሉት።

የባሕር ባዮሎጂ ተማሪዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ እንስሳው ነው። መርዙ እንዴት እንደሚቀዳ ልንገራችሁ። የትንሽ ቱቦ አፍ በስስ ላስቲክ ይሸፈንና የዓሣ ክንፍ ቁራጭ ይደረግበታል። ቀንድ አውጣው ሽታው ሲደርሰው ረጅም አፉን ቀስ አድርጎ ይዘረጋል፤ ከዚያ እንደ ጦር የሾለውን፣ ውስጡ ክፍት የሆነውን ጥርሱን ላስቲኩ ላይ ይሰካል። መርዙ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፣ እንስሳው ይተርፋል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይቀዳል። መግደል የግድ አይደለም ማለት ነው። ከ700 በላይ ዝርያ አለ፤ የአብዛኞቹ መርዝ አልተጠናም። የብዙዎቹ መኖሪያ የሆነው ኮራል ሪፍ (ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ዓለት መሰል ክምር) ግን ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ እየሞተ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ አደጋው ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ዝርያው ከጠፋ ማን ምን ያጠናል?

ጠያቂው፦ ለምርምሩ ከሚመደበው ሪፉን ለመጠበቅም ይመደብ ካልሽ እህቴ፣ በእሱ አብሬሽ ነኝ። ሁለተኛ መድኃኒት እስካይ ድረስ ግን አቋሜ ያው ነው።

ፋርማሲስቱ፦ መድኃኒት ብቻ ለምን ትቆጥራለህ? ላምበርት ኢተን የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል በሽታ በደም ምርመራ ለመለየት የዚሁ መርዝ ፔፕታይድ ያገለግላል። ይህንንስ ከየትኛው ወገን ታስገባዋለህ?