አንዱ ኖድ ቨርቹዋል ማሽን አላስነሣ አለኝ፤ ምን ልፈትሽ?

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሰርቨሮች (ኖዶች) ባሉት የኩበርኔቲስ (የኮንቴይነር ማስተዳደሪያ ሥርዓት) ክላስተር ላይ፣ ቨርቹዋል ማሽኖችንም እንዲያስኬድ የሚያስችለውን ኩቤቨርትን ጭኜ ቨርቹዋል ማሽኖችን ለማስነሣት እየሞከርኩ ነው። ሁለቱ ኖዶች ያለ ችግር ይሠራሉ፤ በሦስተኛው ላይ እንዲነሣ ያዘዝኩት ማሽን ግን በቂ የኬቪኤም (ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽኖችን በፕሮሰሰሩ ድጋፍ የሚያስኬድበት ክፍል) መሣሪያ የለም በሚል መልእክት ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ፕሮሰሰሮቹ የኢንቴል ስለሆኑ በቅድሚያ በእያንዳንዱ ኖድ የሲፒዩ መረጃ ፋይል ውስጥ ፕሮሰሰሩ ቨርቹዋላይዜሽንን እንደሚደግፍ የሚያሳየውን ቪኤምኤክስ የሚለውን ምልክት ፈልጌ በሦስቱም ላይ ስላገኘሁት መስፈርቱ ተሟልቷል ብዬ ነበር። ሆኖም በሦስተኛው ኖድ ላይ በዴቭ ማውጫ ሥር መኖር የነበረበት ኬቪኤም የተባለው ፋይል የለም፤ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) የኬቪኤም ሞጁል በእጄ ለመጫን ስሞክርም «ኬቪኤም በባዮስ (ሰርቨሩ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራው የሃርድዌር ማስተካከያ ፕሮግራም) ተዘግቷል» የሚል መስመር በከርነሉ መዝገብ ላይ ታየ። የዚህ ኖድ ከርነል ከሌሎቹ የቆየ በመሆኑ፣ ቨርቹዋላይዜሽን በባዮስ ቢዘጋም ምልክቱን ማሳየቱን እንደማያቆም የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ግራ ያጋባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቼ የኢንቴልን ቨርቹዋላይዜሽን ከፍቼና ለውጡን አስቀምጬ ሰርቨሩን ዳግም ባስነሣውም ያው መስመር ተመልሶ መጣ። ማሽኖቹ ዳታቤዝ የሚሸከሙ ስለሆኑ በሶፍትዌር ኢሙሌሽን (ያለ ፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ በሶፍትዌር ብቻ በማስመሰል) ማስኬዱ ለእኛ መፍትሔ አይሆንም፤ በጣም ይዘገያል።

ለውጡ እንዲጸና ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ መመለስ አለበት ወይስ ሌላ የባዮስ ቅንብር ያግደዋል? ሰርቨሩ ያለበት ክፍል የሚከፈተው በቀጠሮ ብቻ በመሆኑ፣ ይህ የገጠማችሁ ባለሙያዎች ከመሄዴ በፊት ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።