ጥያቄ፦ ሥዕል ያለው የእንስሳት ተረት በግጥም ለክፍሌ ከየት ላግኝ?

መምህርት (ፍኖተ ሰላም አካባቢ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቼ የእንስሳት ተረት በግጥም ሲነበብላቸው በአንድ ቀን በቃላቸው ይይዙታል፤ መጽሐፎቻችን ግን ሥዕል የላቸውም። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች ሥዕል ከኢንተርኔት አውጥቼ፣ ከሥሩ የአማርኛ ግጥም ጽፌ ልሰቅል አሰብሁ። የማን ሥዕል ይሻላል? መቅዳትስ ይፈቀዳል?

ከደብረ ማርቆስ፦
እኅቴ፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1668 ሲወጣ የተበረከተው ለስድስት ዓመት አልጋ ወራሽ ነበር፤ የፍራንሷ ሾቮ ሥዕሎችም አብረውት ታትመዋል። ተረቱ ከጥንትም ያለ ሥዕል አልኖረም። እኔ የጉስታቭ ዶሬን (እ.ኤ.አ. 1867) እመርጣለሁ፤ ጫካውና አንበሳው ግርማ አላቸው።

የኅትመት ሠራተኛ (ባሕር ዳር)፦
ለፎቶ ኮፒ ግን ዶሬ ያስቸግራል። ጥላው ስለሚበዛ ያረጀ ማሽን ጫካውን ሁሉ ያጠቁረዋል። በዚያ ላይ የፌንጣዋና የጉንዳኗ ሥዕሉ ሁለት ሴቶችን ነው የሚያሳየው፤ ልጆቹ ፌንጣ ሲፈልጉ ይውላሉ። የግራንቪል (እ.ኤ.አ. 1838) መስመር ጥርት ያለ ነው፤ እንስሳቱም ልብስ ለብሰው ስለሚታዩ ያስቃሉ። ሁለቱም ሠዓሊዎች ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ በነጻ ይቅዱ። የማርክ ሻጋልን ግን ይተዉት፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ከከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ግጥም አባዝተው ሊያሠራጩ ካሰቡም ባለመብቶቹን ያስፈቅዱ። ደራሲው ያረፉት በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ መብቱ ከዕረፍት በኋላ 50 ዓመት ይጸናል።

የቅኔ ተማሪ (ቢቸና)፦
መምህርት፣ ግጥሙን ራስዎ ይግጠሙት፤ ቤቱ ይምታ፣ ስንኙ ይጠር፣ ልጁ በአንድ ትንፋሽ ይበለው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በላ ፎንቴን ተረት ቁራው በአፉ የያዘው አይብ ነው። የእኛ አይብ ፍርፍር ስለሆነ ልጆቹ «በመንቁር እንዴት ይያዛል?» ማለታቸው አይቀርም። በጥንቱ በግሪኩ የኤዞፕ ተረት ቁራው የያዘው ሥጋ ነው። በሥጋ ይግጠሙትና ሥዕሉን ተማሪ ይሣለው።

መምህርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁራ አሳምሮ የሚሥል ልጅ አለኝ፤ ሥጋ ያስይዘዋል። የቀረውን ከግራንቪል እወስዳለሁ። ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ ወረቀት አይይዝም፤ በካርቶን ላይ ለጥፌ በገመድ እሰቅለዋለሁ።