ስካን የተደረጉ የማሽን ድሮዊንጎችን በኤአይ ፈልጎ ማግኘት አቃተኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የድሮዎቹ ድሮዊንጎች ሁሉ ስካን ተደርገዋል፣ ግን የፋይሉ ስም ተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ የአንድ ሻፍት ድሮዊንግ ለማግኘት አንድ በአንድ መክፈት ነው፤ ያውም ማሽኑ ቆሞ፣ ፎርማኑም አናቴ ላይ ቆሞ።

ቴሰራክት የሚባለው ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም አማርኛም ስለሚያነብ ሞከርኩት። ብዙውን ጊዜ ከታች በቀኝ ያለውን የርዕስ ሳጥን ቆርጬ ስሰጠው ደህና ነው፣ የዕቃውን ስምና የድሮዊንጉን ቁጥር ያወጣል። ሙሉውን ወረቀት ስሰጠው ግን ጉድ ነው! መስመሩን ፊደል ያደርገዋል። ወደ ጎን የተጻፈውን ልኬት ይዘለዋል። የዲያሜትር ምልክቷን (Ø) ዜሮ ናት ብሎ ዲያሜትር 25 የነበረውን 025 አድርጎ ቁጭ! በእጅ የተጨመሩትን የአማርኛ ማስተካከያዎችማ ተዉት።

ቻትቦቶቹ ምስል ያነባሉ፣ ግን ያልተጻፈ ልኬት ከራሳቸው ይፈጥራሉ፤ ደግሞም ድሮዊንጉ ከግቢ እንዳይወጣ ተብለናል።

እስኪ በናታችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር የሚሠራ ነገር የሞከረ አለ? የርዕስ ሳጥኑ ቦታ ከወረቀት ወረቀት ይለያያል፣ ራሱ ፈልጎ እንዲቆርጥ የኤአይ ሞዴል ማሠልጠን ያዋጣል? ካዋጣስ ስንት ናሙና ይበቃኛል?